የወይዘሮ የኔነሽ ገብረወልድ ቆጠራና የደቻቱ አሸዋ

ወይዘሮ የኔነሽ ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች ወልደየስ በጥቅምት ወር 1934 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በለገሃሬ ሠፈር ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት የአዋሹ ባቡር በሰዓቱ ገባ፤ ይህም በዚያ የጦርነት ማግስት ዘመን እንደ ተአምር ተቆጥሮ እስከ ዛሬ በሠፈሩ ይወራል።

አባታቸው አቶ ገብረወልድ ከምንጃር ወርደው በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከአዋሽ እስከ ደወሌ ባለው ሐዲድ ላይ የእርሳቸው መፍቻ ያልነካው ብሎን አንድም የለም ይባላል። «ይባላል» የሚለው ቃል የገባው ለሟች ክብር ነው። ወይዘሮ የኔነሽ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ወሬ በፊታቸው ያወራውን ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ካድሬ፣ «የት አየኸው?» ብለው ያፋጥጡ ነበር። ይህች ጥያቄ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአፋቸው ጠፍታ አታውቅም። ታናሽ ወንድማቸው ክፍሉ የዕቃ ባቡር አይቶ ሮጦ ቤት ሲገባ «መቶ ፉርጎ!» ካለ፣ እርሳቸው ከደጃፉ ሳይነሡ «ሃያ ሁለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ባዶ ነው» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ለእንግዳው አንድ ነገር መነገር አለበት። ድሬዳዋ አንቱታ የማትወድ አገር ናት። ጎረቤቱም፣ ባልደረባውም፣ ቲማቲም ሻጯም ወይዘሮ የኔነሽን «አንቺ የኔዬ» እያለ ነው የኖረው። የሕይወት ታሪክ ግን ወግ አለውና ዛሬ አንቱ ይባላሉ። ለዚህ ያበቃቸው ሞት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፈረንሳይኛ ከሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገብተው፣ መምህራኑ እስኪፈሯቸው ድረስ ቋንቋውን አጣርተው አወቁ። የዕድሜ ልክ ጓደኛቸውን የመጋላ ሠፈሯን ወይዘሮ ዚነትን ያገኙትም በዚያው በአንድ ዴስክ ላይ ነው። እንግሊዝኛን በማታ ትምህርት ጨመሩበት። በ1954 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኘው የምሥራቅ ቆላ የውኃና እርሻ ምርምር ጣቢያ በታይፒስትነት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ የጣቢያው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ። ከናዝሬት ወዲህ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። ወለሉ ላይ ምሳ ይበላበታል፤ መጽሔቶቹ በመስክ በመስካቸው ተለይተው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

በ1957 ዓ.ም. ከአቶ ካሣ በቀለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ካሣ ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው ወደ ጣቢያው የመጡ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ወይዘሮ የኔነሽ ስለ ባላቸው ሲጠየቁ ስለ መልክም ስለ ደመወዝም አያነሡም፤ «የተዋሰውን በቀጠሮው ቀን የሚመልስ እሱ ብቻ ነበር» ይሉ ነበር። ከትዳራቸውም ዘነበች ካሣንና ሠናይ ካሣን አፍርተዋል።

የደቻቱን ወንዝ የማያውቅ ለቀስተኛ እዚህ የለም። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ያርፍበታል። ክረምት ላይ ግን ተራራው ላይ ይዘንብና፣ ከተማው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጎርፉ ይመጣል። አቶ ካሣ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውኃው አሸዋው ሥር የት ይተኛል? እስከ መቼስ ይቆያል? መልሱ ለጀልዴሳ ገበሬ ሽንኩርት ማጠጫ ይሆናል ብለው ነበር። አካፋ ይዘው ዓመታት ቆፈሩ። ሰው ከዳር ቆሞ «ካሣ፣ ወርቅህን የት እንደቀበርካት ረሳሃት እንዴ?» እያለ ይሥቅባቸው ነበር። «ቀብሬ አይደለም፣ ሌላ የቀበረውን ነው የምፈልገው» ብለው ይመልሱና ይቆፍራሉ። በ1964 ዓ.ም. ጥናታቸው በውጭ አገር መጽሔት በእንግሊዝኛ ታተመ። ጽሑፉን ያረሙትም፣ በታይፕ የመቱትም ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አቶ ካሣ ብዙ አልጻፉም፤ መቆፈሩን ግን አልተዉም። አብዮቱ መጣ፣ አለቃ ተለወጠ፣ አሸዋው ባለበት ቆየ።

በ1976 ዓ.ም. ለጣቢያው የተመራማሪዎች መመዘኛ መመሪያ ወጣ። በመመሪያው መሠረት እያንዳንዱ ተመራማሪ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ ከማን ጋር ተባብሮ እንደጻፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ግርጌ ስሙን ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደጠቀሱት ይቆጠራል። የተጠቀሰ ደረጃው ያድጋል። ያልተጠቀሰ «ፍሬ ያላፈራ» ይባልና ወደ ሌላ ግዳጅ ይመደባል። ቆጠራው የሚደረገው በተመራማሪው የሙያ መስክ መጽሔቶች ውስጥ ብቻ ነው። የእርሻ ሰው በእርሻ፣ የእንስሳት ሰው በእንስሳት።

ፈረንሳይኛውንም እንግሊዝኛውንም አንብቦ የሚቆጥር ሰው በጣቢያው ከወይዘሮ የኔነሽ በቀር አልነበረም። የባለቤታቸው ተራ ሲደርስ ለኃላፊው «ይህን ሌላ ሰው ይቁጠረው» ብለው አመለከቱ። ኃላፊውም «ጓድ የኔነሽ፣ ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ብትጠቅሚውም ብትጎጂውም በመመሪያው ይሁን» አሉ።

በመመሪያው ሆነ። የእርሻውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች አገላበጡ። ፈረንጅ የእኛን ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራ ያውቃሉና «በቀለ» በሚለውም ፈለጉ። ምንም አልነበረም። ሽንኩርት የሚተክል የዓለም ሊቅ ሁሉ ደቻቱን አልሰማም።

በማግስቱ ምሳ ላይ ወንድማቸው አቶ ክፍሉ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የታወቀው የጨርቅ ነጋዴ፣ ነገሩን ሰምቶ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ።

«አቦ የኔዬ፣ ዜሮ አትጻፊ! አምስት በይ። ማን ሊያይብሽ ነው?»

«የት አየኸው?»

«የትም! አንቺ አየሁት በያ! የባልሽ እንጀራ እኮ ነው!»

«ክፍሌ፣ ተዋት» አሉ አቶ ካሣ፤ ጉርሻቸውንም አላቋረጡም። «እሷ ዜሮ ካለች ዜሮ ነው። እኔ ላሳምር ብዬ ሳይሆን ላውቅ ብዬ ነው የቆፈርኩት። የኔነሽ፣ እንዳየሽው ጻፊው።»

ወይዘሮ የኔነሽ እንዳዩት ጻፉት፤ ፈረሙበትም። ኮሚቴው ለግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ አልተቀመጠበትም። አቶ ካሣ በ1977 ዓ.ም. በምዕራብ ቆላ ወደሚገኝ የሠፈራ ጣቢያ በእርሻ ባለሙያነት ተመደቡ። ባለቤታቸው እስከ ባቡሩ ደረጃ ሸኟቸው። አቶ ካሣ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ዜሮ እኮ ሻንጣ አያከብድም» አሏቸው። ወይዘሮ የኔነሽ አልሣቁም። ባቡሩ የአዋሽን አቅጣጫ ይዞ እስኪሰወር ቆመው ነበር፤ ፉርጎዎቹን የዚያን ቀን እንዳልቆጠሩ ለልጃቸው ነግረዋል።

አቶ ካሣ በነሐሴ 1978 ዓ.ም. በተመደቡበት ቦታ በወባ ሕመም አርፈው በዚያው ተቀበሩ። መርዶው ለድሬዳዋ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። አስከሬን በሌለበት ድንኳን ተጣለ፤ ፎቶግራፋቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተለቀሰለት። የሠልስቱ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ጽሑፉን ያዘጋጀው አቶ ክፍሉ ነበር። አማቹን ይወድ ስለነበር «የደቻቱን አሸዋ አጥንተው፣ ከሕንድ እስከ ፈረንሳይ ያለ ሊቅ ሁሉ ስማቸውን የሚጠቅሰው አቶ ካሣ በቀለ» ብሎ ጽፎ ነበር።

የጣቢያው ሰዎች ዜሮውን ያውቃሉና አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ከሴቶቹ መካከል፣ ከጥቁሩ ሻሽ ሥር፣ የሰለለ ድምፅ ተሰማ። «ክፍሌ፣ የት አየኸው?»

ይኼኔ ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ተነሣ። የወይዘሮ ዚነት ባል አቶ ዓብዱልአዚዝ ናቸው፤ በከተማው ወባ መከላከያ የሚሠሩ፣ ከመጋላ ሚስታቸውን አጅበው ለለቅሶ የመጡ።

«አቦ ቆይ፣ ቆይ! ይሄ በቀለ ነው እንዴ? የደቻቱ በቀለ?»

«ካሣ ነው ስሙ፤ በቀለ አባቱ ነው» አላቸው አንዱ።

«ወላሂ በቀለ ነው! ፈረንጆቹ በቀለ ነው የሚሉት። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ውኃው አሸዋ ሥር የት እንደሚተኛ የጻፈው፣ እሱ አይደል? ትንኟ የምትፈለፈልበትን እኮ በእሱ ነው የምናገኘው! እኛ ቢሮ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ ግርጌው ላይ እሱ አለ። እኔ ለንደን የሚኖር ትልቅ ሰው ነበር የመሰለኝ!» ወደ ፎቶግራፉ ዞሩ። «ያ ረቢ። እኔ መጋላ፣ እሱ ለገሃሬ። በመካከላችን ያችው አሸዋ!»

ከወዲያ ጥግ የምድር ባቡር የድልድይ ክፍል አንድ አዛውንት ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለድልድይ መሠረት ሲቆፈር መሐንዲሶቹ ይህንኑ ጽሑፍ ሲያገላብጡ ማየታቸውን መሰከሩ፤ አንድ የከብት ሐኪምም በእርሳቸው መጽሔት ይኸው ስም እንዳለ ጨመረ። ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የከብት ሐኪም አለ፤ በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው የማያውቁ ሙያዎች በካሣ ድንኳን ተገናኙ። የአቶ ክፍሉ ጽሑፍም የተጋነነ ሳይሆን እንዲያውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ወይዘሮ የኔነሽ አላለቀሱም። ከተቀመጡበት ምንጣፍ ቀና ብለው አቶ ዓብዱልአዚዝን፣ «የት አየኸው?» ብቻ አሏቸው። «ነይና እዪው» አሉ እርሳቸውም።

ሰባቱ እንዳለፈ፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ የደቻቱን አሸዋ በእግራቸው ተሻግረው ሄዱ። የወባው ቢሮ መደርደሪያ አቧራ የጠጣ፣ ያልተስተካከለ ነበር። ቆመው አነበቡ። የመጀመሪያው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አዩት።

«ዓብዱል፣ ይህ ከቆጠራው በፊት የታተመ ነው።»

«አዎ፣ ቆየ እኮ።»

«እኔ ማዶ ተቀምጬ ዜሮ ስጽፍ፣ ይህ እዚህ ነበር።»

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔዬ? አላህ የጻፈው ነው።»

«አላህ አይደለም የጻፈው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ የኔነሽ አንድ ሥራ ብቻ ነበራቸው። ከቢሮ ሲወጡ በወባው፣ በድልድዩ፣ በከብት ሕክምናው መጽሔቶች ውስጥ ባላቸውን ይፈልጉ ነበር። ይህን ከቶ በጦቢያ ምድር ከእርሳቸው በፊት ያደረገ የለም። በአንድ መስክ ዜሮ የሆነ ሰው በሌላው መስክ ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ያገኙትን በየመስኩ ለይተው ለኮሚቴው አቀረቡ። የጠየቁት ደረጃ አልነበረም፣ ጡረታም አልነበረም። በአቶ ካሣ ማህደር ላይ «ፍሬ ያላፈራ» የሚለው ይነሣ ነው ያሉት።

ኮሚቴው መጀመሪያ መመሪያው አይፈቅድም አለ። ደገሙ። እናጠናዋለን አለ። ሠለሱ። በ1981 ዓ.ም. መመሪያው ተሻሽሎ፣ ከመስክ ውጭ መጠቀስም እንዲቆጠር ተወሰነ። ወይዘሮ የኔነሽ ወደ ኃላፊው ቢሮ ተጠርተው ሲሄዱ ነጭ ነጠላ ለብሰው ነበር፤ ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ጓድ የኔነሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከእንግዲህ በሁሉም መስክ ትቆጥሪያለሽ።»

«የካሣስ?»

«ሟች ደረጃ አያድግም።»

«ደረጃ አልጠየቅኩም። ዜሮው ይስተካከል ነው ያልኩት።»

«የተዘጋ ማህደር አይከፈትም» ተባለ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በአዲሱ መመሪያ የተጠቀሙት ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዛሬ አንዳንዶቻችሁ እዚህ ቆማችኋል። የሁላችሁንም የቆጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ የአንዳችሁንም አላጎደሉም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን፣ ልጃቸው ዘነበች እንደምትናገረው፣ መብራቱን ሳያበሩ ይቀመጡ ነበር።

በዚያው ዓመት የልብ ድካም ጀመራቸው። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘ፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ግን አያውቁም። እግራቸው አብጦ አሸዋውን መሻገር ሲሳናቸው፣ ወይዘሮ ዚነት ከመጋላ እየመጡ አጠገባቸው ይውሉ ነበር። ካረፉበት ቀን ጥቂት አስቀድሞ ወንድማቸውን አስጠሩ።

«ክፍሌ፣ የእኔን አንተው ነህ የምትጽፈው። ሌላ ማን አለኝ?»

«ተይ እባክሽ! ገና መቶ ዓመት ትኖሪያለሽ!»

«የት አየኸው?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እንደ ልማድህ አብዛው፤ አልከለክልህም። አንድ ነገር ግን ሳታሳምር ጻፍልኝ። ኮሚቴው የማያነሣውን እኔ ላንሣው። ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው በል። ትክክለኛው አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«የኔዬ፣ ሃያ ብለውስ? አንዲት እኮ ናት!»

ከሕመማቸው ሁሉ ጋር ፈገግ አሉ። የመጨረሻዋንም ጥያቄ ጠየቁት፤ ምን እንደሆነች ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

ወይዘሮ የኔነሽ ገብረወልድ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ዓርብ ጥር 18 ቀን፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ለቀስተኛው ከደጀ ሰላሙ አልፎ እስከ ባቡር ጣቢያ ተሰልፏል፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ ወጥቶ ይቁጠር። እርሳቸው እንደሆኑ አይቆጥሩም።

ሴት ልጃቸውን መምህርት ዘነበች ካሣን፣ ወንድማቸውን አቶ ክፍሉ ገብረወልድን፣ እንደ እህት የኖሩትን ወይዘሮ ዚነትንና አቶ ዓብዱልአዚዝን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ወንድ ልጃቸው ሠናይ ካሣ በሁርሶ የውትድርና ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ቆይቷል፤ የእናቱን ዕረፍት አልሰማም። የሚያውቅለት ያለ እንደሆነ፣ መርዶውን በቀስታ ይንገረው።

በአደራቸው መሠረት የሚከተለው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይመዝገብ። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አቶ ካሣ በቀለ ዜሮ ተብለው የተጻፉት በስሕተት ነው። ስማቸው በወባ፣ በድልድይ ሥራና በከብት ሕክምና መስኮች አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጠቅሷል፤ አብዛኛው ከቆጠራው በፊት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ግርጌው ላይ ያለው ዋቢ ሃያኛው ነው። የት አየኸው ለሚሉ ነፍስ፣ መልሱ እነሆ በለቀስተኛው ሁሉ እጅ ባለው በዚህ ወረቀት ላይ ይገኛል።

የሰውን ድካም ከየተበተነበት መስክ የሚሰበስብ አምላክ፣ የወይዘሮ የኔነሽን ነፍስ ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር በአንድ መዝገብ ያኑርልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።

ዋቢ፦ ካሣ በቀለ፣ «ከጎርፍ በኋላ ውኃ በደቻቱ አሸዋ ሥር የሚቆይበት ሁኔታ»፣ በውጭ አገር መጽሔት በእንግሊዝኛ የታተመ፣ 1964 ዓ.ም.